የሰዘርላንድ መሳፍንት፦ የተጻፈ ማዕረግና ያልተጻፈ ርስት

በ1963 መጀመሪያ ላይ አምስተኛው የሰዘርላንድ ዱክ ጆርጅ ልጅ ሳይተኩ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሟቹ ሁለት ታላላቅ የውርስ ማዕረጎችን አጣምረው የያዙ ሰው ነበሩ፤ አንዱ የሰዘርላንድ ኧርልነት፣ ሌላው የሰዘርላንድ ዱክነት ነው። ከአንድ መቶ ሃያ ዓመት በላይ በአንድ ሰው እጅ አብረው የኖሩት እነዚህ ማዕረጎች በዚያ ዓመት ተለያዩ። ጥንታዊው የኧርልነት ማዕረግ ለሟቹ የወንድም ልጅ ለኤልሳቤጥ ሲደርስ፣ በደረጃ የሚበልጠው የዱክነት ማዕረግ ግን በዝምድና ለራቁት ለጆን ኤገርተን ተላለፈ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ቤተሰብ፣ አንድ የአገር ስም፣ አንድ ሟች እያለ ወራሾቹ ለምን ሁለት ሆኑ? መልሱ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። ታሪኩም የአንድን መኳንንት ቤት ክብር ብቻ የሚናገር አይደለም። በዚያው ምድር ላይ ለዘመናት የኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው እንዴት እንደተነሡና ልጆቻቸው መብታቸውን በሕግ ለማስከበር ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባቸውም ያሳያል።

ስሙና ደረጃው

ሰዘርላንድ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኝ፣ ተራራና ረግረግ የበዛበት፣ የሕዝቡ ብዛት አነስተኛ የሆነ ምድር ነው። ሰሜናዊ ሆኖ ሳለ ስሙ «የደቡብ ምድር» ማለት ነው። ስያሜውን ያወጡት ከኖርዌይ በባሕር መጥተው በኦርክኒ ደሴቶችና በኬትነስ የሰፈሩ ሰዎች ስለነበሩ፣ አገሩ ለእነርሱ በስተደቡብ ይገኝ ነበር።

የብሪታንያ የመኳንንት ማዕረግ አምስት ዋና ዋና ደረጃዎች አሉት። ከላይ ወደ ታች ሲቆጠሩ ዱክ፣ ማርኪስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንትና ባሮን ይባላሉ። «ዱክ» በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ «መስፍን» ተብሎ ይተረጎማል፤ የአረብኛ ጋዜጦች ደግሞ ቃሉን «ዱቅ» ብለው እንዳለ ተቀብለውታል። ኧርል ግን ቁርጥ ያለ አቻ ስለሌለው በስሙ መጥራቱ ይሻላል። የኧርል ሚስት ወይም ማዕረጉን በራሷ መብት የወረሰች ሴት «ካውንተስ» ትባላለች።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ። በኢትዮጵያ ታሪክ ራስ፣ ደጃዝማች ወይም ፊታውራሪ መባል በንጉሥ ሹመት የሚገኝ ነበር። የደጃዝማች ልጅ ካልተሾመ በቀር ደጃዝማች አይሆንም። በብሪታንያ ግን የውርስ ማዕረግ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ንጉሡ በየትውልዱ እንደገና መሾም አያስፈልገውም፤ ያዡ በሞተበት ቅጽበት ማዕረጉ ወደ ወራሹ ይተላለፋል። ወራሹ ማን እንደሆነ የሚወስነው የሟች ኑዛዜ ሳይሆን ማዕረጉ ሲፈጠር የተቀመጠው ደንብ ነው። መሬት፣ ቤትና ገንዘብ በኑዛዜ ለሌላ ሰው ሊሰጡ ይችላሉ፤ ማዕረግ ግን አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በፈቃድም ለሌላ አይናዘዝም።

ከፍሌሚሹ ባላባት እስከ ኤልሳቤጥ ጎርደን

የቤቱ መሥራች ተብሎ የሚቆጠረው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስኮትላንድ ሞሬ በተባለው ግዛት የሰፈረ፣ ከፍላንደርስ የመጣ ፍሬስኪን የተባለ ባላባት ነው። የስኮትላንድ ነገሥታት ሥልጣናቸው ያልጸናበትን ሰሜኑን ምድር ለመቆጣጠር እንዲህ ላሉ ባላባቶች ሰፊ መሬት ይሰጡ ነበር። የፍሬስኪን የልጅ ልጅ ሂው በሰዘርላንድ መሬት አገኘ። የሂው ልጅ ዊልያም ደግሞ በ1230ዎቹ ገደማ የመጀመሪያው የሰዘርላንድ ኧርል ሆነ። ቤቱ ከንጉሣውያኑም ጋር ተዛምዷል፤ አምስተኛው ኧርል ዊልያም የስኮትላንድን ነጻነት ያስከበረውን የንጉሥ ሮበርት ብሩስን ልጅ ማርጋሬትን አግብቶ ነበር።

በ1514 ዘጠነኛው ኧርል ልጅ ሳይተካ ሲሞት ማዕረጉን የወረሰችው እህቱ ኤልሳቤጥ ናት። ባሏ አዳም ጎርደን ኃያል ከነበረው የሃንትሊ ኧርል ቤት የተወለደ ነበር። በዚህ ጋብቻ የሰዘርላንድ ኧርልነት በሴት በኩል ወደ ጎርደን ዘር ገባ። ይህ ውርስ በጊዜው እንደ ተራ የቤተሰብ ጉዳይ ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ግን የአንዲትን ሕፃን ዕጣ የሚወስን ማስረጃ ሆነ።

የአንዲት ሕፃን ሙግት

በ1766 አሥራ ስምንተኛው ኧርል ዊልያምና ባለቤቱ ሜሪ በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለችው ከተማ በትኩሳት በሽታ ተከታትለው ሞቱ። በሕይወት የቀረችው ልጃቸው ኤልሳቤጥ ገና አንድ ዓመቷ ነበር። ወዲያውኑ ሁለት ወንዶች ማዕረጉ ይገባናል ብለው ተነሡ። አንደኛው የጎርደንስታውኑ ሰር ሮበርት ጎርደን ሲሆን ማዕረጉ ለጎርደን ቤት ወንዶች ነው ሲል ተከራከረ። ሁለተኛው የፎርሱ ጆርጅ ሰዘርላንድ ደግሞ ማዕረጉ ከ1514 በፊት ለነበረው ጥንታዊ የወንድ ዘር ሊመለስ ይገባል አለ።

ጉዳዩ ለለንደኑ የሎርዶች ምክር ቤት ቀረበ። የጥንቱ ማዕረግ ሲፈጠር የተጻፈና የወራሾቹን ዓይነት የሚወስን ሰነድ ስላልተገኘ ክርክሩ በታሪክ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ ነበር። የሕፃኗን ጉዳይ ከደገፉት መካከል ዳኛና የታሪክ ሊቅ የነበሩት ሎርድ ሄይልስ ይገኛሉ። የክርክሩ እምብርት ቀላል ነው። ማዕረጉ በሴት የማይወረስ ቢሆን ኖሮ በ1514 ወደ ኤልሳቤጥ ጎርደን ባልተሻገረ፣ ከእርሷ በኋላ የተነሡት ኧርሎችም ሁሉ ባለ ማዕረግ ባልሆኑ ነበር። ምክር ቤቱ በ1771 ለሕፃኗ ፈረደ። የሰዘርላንድ ኧርልነት በወንድም በሴትም እንደሚወረስ ከዚያ ወዲህ የጸና ሆነ።

ካውንተስ ኤልሳቤጥ በ1785 ጆርጅ ግራንቪል ሉሰን-ጎርን አገቡ። ባላቸው በእንግሊዝ አገር ሰፊ ይዞታ ካለው ቤት የተወለዱ ነበሩ። በ1803 ከአጎታቸው ከብሪጅወተር ዱክ የታዋቂውን የውኃ ቦይ ገቢ፣ ከአባታቸውም የስታፎርድ ማርኪስነትን ወረሱ፤ በብሪታንያ ከነበሩት እጅግ ባለጸጋ ሰዎች አንዱም ሆኑ። በ1833 ንጉሥ ዊልያም አራተኛ የሰዘርላንድ ዱክ የሚል አዲስ ማዕረግ ሰጧቸው። በዚያው ዓመት በደንሮቢን ግንብ ዐረፉ።

የ1963ቱ መለያየት ሥር እዚህ ላይ ነው። የዱክነቱ ማዕረግ በንጉሥ ደብዳቤ የተሰጠው ከዱኩ አብራክ ለሚወጡ ወንዶችና ከእነርሱም ለሚወለዱ ወንዶች ብቻ ነበር። የኧርልነቱ ማዕረግ ግን የሚስቲቱ ነው፤ በ1771 እንደተፈረደውም ሴት ልትወርሰው ትችላለች። ካውንተስ ኤልሳቤጥ በ1839 ሲሞቱ ሁለቱ ማዕረጎች በበኩር ልጃቸው፣ በሁለተኛው ዱክ እጅ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ አምስተኛው ዱክ እስከሞቱበት ጊዜ ድረስ ሳይነጣጠሉ ቆዩ።

ርስት ያለ ወረቀት

ካውንተስ ኤልሳቤጥ የወረሱት ማዕረግ ብቻ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰዘርላንድ ቤት ይዞታ ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ ወይም ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ምድር ሸለቆዎች ውስጥ ጌሊክ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ከብት የሚያረቡና አጃና ገብስ የሚዘሩ ጭሰኞች ይኖሩ ነበር።

እነዚህ ሰዎች በሕግ ፊት መሬቱን ለአጭር ጊዜ የተከራዩ ጭሰኞች ነበሩ። በራሳቸው አስተሳሰብ ግን ሌላ መብት ነበራቸው፤ በጌሊክ «ዱኻስ» ይባላል። አንድ ወገን አባቶቹ በኖሩበት፣ ባረሱትና በተዋጉለት ምድር ላይ የመኖር መብት አለው የሚል እምነት ነው። በአማርኛ «ርስት» ከሚለው ቃል ትርጉም ብዙም የራቀ አይደለም። አለቃው ከለላ ይሰጣል፤ ሕዝቡ ደግሞ ግብር ይከፍላል፣ ሲጠራም ይዘምታል። ከሰዘርላንድ የተመለመለው 93ኛው የሃይላንድ ክፍለ ጦር በ1799 ሲቋቋም፣ ልጁን ለውትድርና የሰጠ ቤተሰብ ከመሬቱ እንደማይነቀል ተስፋ ያደርግ ነበር። ይሁን እንጂ ዱኻስ የልማድ እንጂ የሰነድ መብት አልነበረም። ፍርድ ቤት የሚያውቀው የተጻፈውን የኪራይ ውል ብቻ ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሱፍ ፍላጎት እየጨመረ መጣ። ቼቪየት የተባለው የበግ ዝርያ የሰሜኑን ብርድ መቋቋም እንደሚችል ተረጋገጠ። ለበግ ርቢ አንድን ሰፊ ሸለቆ የሚከራይ ባለሀብት፣ መቶ ቤተሰቦች ተባብረው ከሚከፍሉት የበለጠ ኪራይ ሊከፍል ይችል ነበር። የሰዘርላንድ ቤት አስተዳዳሪዎች ያወጡት ዕቅድም ሕዝቡን ከውስጠኛው ሸለቆ አንሥቶ ወደ ባሕር ዳርቻ ማስፈር፣ ሸለቆውን ለበግ ማከራየት ነበር። ዕቅዱን የመሩት የቤቱ ዋና ኃላፊ ጄምስ ሎክ፣ በቦታው ያስፈጸሙት ደግሞ ዊልያም ያንግና ፓትሪክ ሴላር ነበሩ። የእነርሱ ሥልጣን በቀድሞው የአማርኛ አነጋገር የምስለኔ ሥልጣን ሊባል የሚችል ነው፤ ባለ ማዕረጎቹ ዓመቱን በአብዛኛው በእንግሊዝ ሲያሳልፉ፣ በቦታው ትእዛዝ የሚሰጡት እነርሱ ነበሩ።

አስተዳዳሪዎቹ ምክንያታቸውን በጽሑፍ አስቀምጠዋል። በሸለቆዎቹ ረሃብ ይደጋገም እንደነበር፣ ሰዎቹ በዳርቻው ዓሣ በማጥመድ የተሻለ ኑሮ እንደሚያገኙ ይናገሩ ነበር። በእርግጥም የሄልምስዴል ወደብ ተሠርቷል፣ በብሮራ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ተከፍቷል፣ መንገዶችና ድልድዮች ተዘርግተዋል፤ ለዚህም ብዙ ገንዘብ ወጥቷል። ሆኖም በዳርቻው የተሰጠው ቁራሽ መሬት ሆን ተብሎ እንዲያንስ የተደረገ ነበር፤ ዓላማው ሰዎቹ በእርሻ ብቻ መኖር እንዳይችሉና ወደ ዓሣ ማጥመድ እንዲገቡ ማድረግ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች የሰሜኑን ባሕር አያውቁትም ነበር።

እሳትና ፍርድ

ማፈናቀሉ ከ1807 ጀምሮ እስከ 1821 ድረስ በተለያዩ ዙሮች ተካሄደ። በ1813 የኪልዶናን ሸለቆ ነዋሪዎች ተቃውሞ አስነሡ፣ ወታደርም ተላከባቸው። ከእነርሱ መካከል የተወሰኑት በዚያው ዓመት ሌላ የስኮትላንድ መኳንንት፣ የሰልከርክ ኧርል፣ በካናዳ ባቋቋሙት የቀይ ወንዝ ሰፈራ ለመኖር ተሰደዱ። ዛሬም በካናዳዋ የዊኒፔግ ከተማ ኪልዶናን የሚባል አካባቢ አለ፤ ስሙን ያገኘው ከዚያ ሸለቆ ነው።

በ1814 ተራው የስትራዝኔቨር ሸለቆ ሆነ። ሴላር የቤቱ ወኪል ብቻ ሳይሆን በሸለቆው ውስጥ አንዱን ሰፊ የበግ መሬት ለራሱ የተከራየ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ነዋሪዎቹ ቢነሡ ተጠቃሚው ራሱ ነው። በዚያ አገር እንጨት ብርቅ በመሆኑ የቤት ወራጅ እንደ ሀብት ይቆጠር፣ ቤተሰብ ሲነሣም ይዞት ይሄድ ነበር። ወራጆቹ ሲቃጠሉ ሰዎቹ ተመልሰው መግባትም ሆነ ሌላ ቦታ ቤት መሥራት ይቸግራቸዋል። በሴላር ላይ ከቀረቡት ክሶች ውስጥ ቤቶችን ማቃጠልና አንዲት አሮጊት ለሞት እንዲዳረጉ ማድረግ ይገኙበታል።

የአካባቢው ዳኛ ሮበርት ማክኪድ ምርመራ አካሂዶ ሴላርን አሰረው። በ1816 በኢንቨርኔስ ችሎት ተሰየመ። አብዛኞቹ መሐላ የፈጸሙ ፈራጆች ባለ መሬትና ባለ ንብረት ነበሩ። ውሳኔያቸው ሴላር ከክሱ ነጻ ነው የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ ማክኪድ ሥራውን ለቀቀ፤ ሴላርንም በጽሑፍ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። በ1819 በዚያው ሸለቆ ከቀደመው በሰፋ ሁኔታ ቤቶች ተቃጠሉ።

በሰዘርላንድ ምን ያህል ሰው እንደተፈናቀለ የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ይለያያል፤ በሺዎች የሚቆጠር መሆኑ ግን አያከራክርም። ሁሉም አገር ለቀው አልተሰደዱም። ብዙዎቹ በዳርቻው ሰፈሩ። ከመንደሮቹ አንዱ ቤቲሂል ይባላል፤ በተለምዶ እንደሚነገረው ስሙ «ቤቲ» ከሚለው የኤልሳቤጥ ቁልምጫ የመጣ ነው።

የለንደኑ አዳራሽ

ከአንድ ትውልድ በኋላ የቤቱ ስም በሌላ ጉዳይ ተነሣ። የሁለተኛው ዱክ ባለቤት ሃሪየት የንግሥት ቪክቶሪያ የቅርብ ወዳጅና ባለሟል ነበሩ። በ1852 በለንደን በሚገኘው መኖሪያቸው በስታፎርድ ሃውስ ስመ ጥር ሴቶችን ሰብስበው ለአሜሪካ ሴቶች ባርነት እንዲወገድ የሚማጸን ደብዳቤ አዘጋጁ። ደብዳቤው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የብሪታንያ ሴቶች ፊርማ ተሰበሰበለት። በባርነት ላይ የጻፈችው ልብ ወለድ ዓለምን ያነጋገረው አሜሪካዊቷ ደራሲ ሃሪየት ቢቸር ስቶው በ1853 ለንደን ስትመጣ በዚያው አዳራሽ በክብር ተቀበሏት።

በዚያው ዓመት ካርል ማርክስ በአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ጽሑፍ አወጣ። የባርነት ተቃዋሚ የሆኑት ዱቼስ ሀብት የተገነባው በገዛ ሕዝባቸው መፈናቀል ላይ ነው የሚል ነበር። ስቶው የጉዞ መጽሐፏን ስታሳትም የሰዘርላንድን ቤት ደግፋ ጻፈች፤ ያየችው መንገዱን፣ ድልድዩንና የአስተዳዳሪዎቹን ሪፖርት ነበር። ከስትራዝኔቨር የተፈናቀለው ግንበኛ ዶናልድ ማክላውድ ወደ ካናዳ ከተሰደደ በኋላ ለእርሷ መልስ የሚሆን መጽሐፍ በ1857 አሳተመ። የእርሱ መጽሐፍ የተነሺዎቹን ወገን ታሪክ ካስተላለፉት ጽሑፎች አንዱ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሁለተኛው ዱክና ሃሪየት የባርነት ተቃውሟቸው እውነተኛ ነበር፤ የቤቱ አስተዳደር በሰዘርላንድ ያደረገውም እንዲሁ እውነት ነው። አንባቢ አንዱን ይዞ ሌላውን እንዳይጥል ሁለቱም አብረው ይነገራሉ።

ልማዱ ሕግ ሲሆን

በ1880ዎቹ በስኮትላንድ ደጋና ደሴቶች የመሬት ጥያቄ በኃይል ተነሣ። መንግሥት በ1883 አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው ፍራንሲስ ናፒየር፣ አሥረኛው ሎርድ ናፒየር፣ ራሳቸው የውርስ ማዕረግ የነበራቸው ስኮትላንዳዊ ናቸው። ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የናፒየር ስም የሚያስታውሰው ሌላ ሰው ነው፤ በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው ሮበርት ናፒየር። ለዚያ ዘመቻ «ባሮን ናፒየር ኦቭ ማግዳላ» የሚል የውርስ ማዕረግ ተሰጥቶታል። ባለ ማዕረጉ በመቅደላ አንድ ጋት መሬት የለውም፤ የብሪታንያ ማዕረግ የቦታ ስም ይዞ ከቦታው ባለቤትነት ተለይቶ ሊኖር እንደሚችል ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም።

የፍራንሲስ ናፒየር ኮሚሽን ከመንደር መንደር እየተዘዋወረ የሕዝቡን ቃል ተቀበለ፤ በቤቲሂልም ተቀመጠ። ከሰባ ዓመት በፊት የሆነውን በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ቀርበው መሰከሩ። ውጤቱ በ1886 የወጣው የክሮፍተሮች ሕግ ነው። ክሮፍተር ማለት አነስተኛ የእርሻ ይዞታ ያለው ጭሰኛ ማለት ነው። ሕጉ ኪራዩን እስከከፈለ ድረስ ክሮፍተሩ ከመሬቱ እንዳይነቀል ከለከለ፤ ኪራዩ ፍትሐዊ መሆኑን የሚወስን አካል አቋቋመ፤ ለሠራው ቤትና ላለማው መሬት ካሣ እንዲያገኝ ፈቀደ። ከሁሉም በላይ ይዞታውን ለቤተሰቡ አባል ማውረስ እንዲችል አደረገ። በዚህም ዱኻስ ይባል የነበረው የልማድ መብት ከፊሉ በሕግ መጽሐፍ ሰፈረ። የተነሡትን ግን ወደ ሸለቆዎቹ አልመለሰም።

ማዕረጎቹ ሲለያዩ

የሰዘርላንድ ቤት ሀብት ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እየሳሳ መጣ። ሦስተኛው ዱክ በገዛ ገንዘባቸው ከጎልስፒ እስከ ሄልምስዴል የባቡር ሐዲድ አሠርተው ነበር። አራተኛው ዱክ ሰፊ መሬት ሸጡ፤ በ1912 ስታፎርድ ሃውስም ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ ላንካስተር ሃውስ ተባለ። በ1979 የዚምባብዌን ነጻነት ያስገኘው ስምምነት የተፈረመው በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው።

በ1963 አምስተኛው ዱክ ሲሞቱ የዱክነቱን ማዕረግ የሚወርስ ወንድ ከመጀመሪያው ዱክ ዘር ተፈለገ። የተገኙት ከመጀመሪያው ዱክ ሁለተኛ ወንድ ልጅ ከፍራንሲስ የሚወለዱት ጆን ኤገርተን ናቸው። እርሳቸው ቀድሞም የኤልስሚር ኧርል ነበሩ፤ ስድስተኛው የሰዘርላንድ ዱክ ሆኑ። ደንሮቢን ግንብና የስኮትላንዱ ይዞታ ግን ለኤልሳቤጥ ሆነ። በመሆኑም የሰዘርላንድ ዱክ የሚባሉት ሰው ከሰዘርላንድ ምድር ጋር የነበራቸው ትስስር ስሙ ብቻ ሆኖ ቀረ። የኤገርተን ቤት ሀብት በሥዕል የታወቀ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የጣሊያናዊው ቲሺያን ሁለት ታላላቅ ሥዕሎች በ2009 በ50 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በ2012 ደግሞ በ45 ሚሊዮን ፓውንድ ለብሪታንያ ብሔራዊ የሥዕል ቤቶች ተሸጠዋል።

ሃያ አራተኛዋ ካውንተስ ኤልሳቤጥ ማዕረጉን በወረሱበት በ1963 አጋማሽ ላይ የወጣ ሕግ፣ በራሳቸው መብት የውርስ ማዕረግ ያላቸው ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በሎርዶች ምክር ቤት እንዲቀመጡ ፈቀደ። ከዚያ በፊት አንዲት ሴት ማዕረጉን ብትይዝም የምክር ቤቱን ወንበር አትይዝም ነበር። በ1999 ደግሞ ከ92 ሰዎች በቀር የውርስ ባለ ማዕረጎች ሁሉ ከምክር ቤቱ እንዲወጡ ተደረገ። ካውንተስ ኤልሳቤጥ በ2019 መጨረሻ ሲያርፉ ልጃቸው አሊስተር ሃያ አምስተኛው ኧርል ሆኑ። የሰዘርላንድ ጎሣ አለቃነትም በዚሁ ቤት ቀጥሏል።

ዛሬ በቦታው

በጎልስፒ አቅራቢያ የሚገኘው ደንሮቢን ግንብ 189 ክፍሎች አሉት። የአሁኑን ገጽታውን በአብዛኛው ያገኘው በ1840ዎቹ የለንደንን ፓርላማ ሕንፃ በነደፉት በቻርልስ ባሪ እጅ ነው። ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ነው። ከከተማዋ በላይ ባለው ቤን ብራጊ ተራራ አናት ላይ በ1830ዎቹ የተተከለው የመጀመሪያው ዱክ ግዙፍ ሐውልት ቆሟል። ሐውልቱ ይፍረስ የሚሉ አሉ፤ ታሪኩን ማስታወሻ ሆኖ ይኑር የሚሉም አሉ። ከጎልስፒ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ የመኪና ጉዞ፣ በሄልምስዴል፣ በ2007 የተመረቀ ሌላ ሐውልት ይገኛል። እርሱ የሚያሳየው አገሩን ለቆ የሚሰደድ ቤተሰብን ነው።

የመሬቱ ጥያቄም መልኩን እየለወጠ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰዘርላንድ ቤት ይዞታ በነበረው በአሲንት፣ ክሮፍተሮች ገንዘብ አዋጥተውና ድጋፍ አሰባስበው በ1993 21 ሺህ ኤከር ያህል መሬት በ300 ሺህ ፓውንድ ገደማ ገዙ። በ2003 የስኮትላንድ ፓርላማ ያወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ የአካባቢ ማኅበረሰቦች መሬት ለሽያጭ ሲቀርብ ቅድሚያ የመግዛት መብት እንዲኖራቸው አደረገ። በ2016 ደግሞ በሄልምስዴል አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር ከራሱ ከሰዘርላንድ ቤት 3 ሺህ ኤከር ያህል መሬት ገዛ።

የሰዘርላንድ ኧርልነት ወደ ስምንት መቶ ዓመት የተጠጋው፣ በ1771 በአንዲት ሕፃን ስም ተከራክሮ ማስረጃ የሚያቀርብ ስለተገኘ ነው። በሸለቆዎቹ የነበሩት ሰዎች የመብታቸው ዕድሜ ከኧርሎቹ ባያንስም፣ ፍርድ ቤት የሚቀበለው ወረቀት አልነበራቸውም። የዛሬዎቹ የአሲንትና የሄልምስዴል ነዋሪዎች በእጃቸው የያዙት የባለቤትነት ሰነድ ትርጉሙ ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።